ምጣዱን ፈርቶ ቻርጀሩን

ሐዋሳ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው የወሩ ኪራይ ሳይነገረው በፊት ምን እንደሚሰካ ይጠየቃል።

«ምድጃ አለሽ?»

«የለኝም እትዬ።»

«ካውያ?»

«የለኝም።»

«ቴሌቪዥን?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን አለሽ?»

«ስልክ።»

«እሱን በቀን ስንቴ ነው ቻርጅ የምታደርጊው?»

«አንዴ። እሱም መብራት ከኖረ።»

ክፍሉን አገኘች። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያነበበችው ግን ዕቃዋን ካስገባች በኋላ ነው፦ «ምድጃ መጠቀም፣ ልብስ መተኮስ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ማብራት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ከሥሩ አንድ የቀድሞ ተከራይ በእርሳስ ጨምሮበታል፦ «መተንፈስ ይቻላል፤ በጨለማ ከሆነ።»

ይህ ግቢ የማንም ግቢ አይደለም። ዳቶም አለ፣ ታቦርም አለ፣ ከአሮጌ ገበያ ጀርባም አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለሥራ ወደ ከተማዋ ከገቡ ወዲህ፣ ጓሮው ላይ ሰርቪስ ቤት ደርድሮ አንድ ቆጣሪ ለስድስት በር ያደለ አከራይ ሞልቷል። ስም ስለማልጠራ ማንም አይቆጣ። የተቆጣ ካለ መጀመሪያ ምጣዱን ይንቀል።

ወሩ አልቋል እንበል። ቢሉ መጥቷል፤ ካለፈው ይበልጣል። እትዬ በረንዳው ላይ ቆመው ያነባሉ፤ ስድስቱም በር ገርበብ ብሎ ያዳምጣል።

«ማነው ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ የሚያድረው?»

የሁሉም ዓይን ወደ ልጅቷ ዞረ። ስልኳ ሶኬት ላይ ነው፤ እጅ ከፍንጅ ተይዛለች።

እንግዲህ ጠበቃዋ እኔ ነኝ። እትዬ፣ የአንድ ስማርት ስልክ ባትሪ የሚይዘው 15 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቻርጀሩ ሲሞቅ የሚባክነውን ጨምረን 20 እንበለው። ቆጣሪዎ የሚያውቀው ኪሎዋት ሰዓትን ነው፤ ኪሎ ማለት ሺህ ነው፤ ስለዚህ ያቺ ስልክ ኃምሳ ጊዜ ሞልታ ነው ቆጣሪውን አንድ ቁጥር የምታስኬደው። በየቀኑ ብትሰካ የወሩ ድምር ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ብዙ ያንሳል፤ 0.6 ነው። ታሪፉ መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ መጨመር ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዝቅተኛ እርከን አሥራ ስድስት ሳንቲም። ይክፈሉኝ ካሉ ትክፈልዎ፤ አሥራ ስድስት ሳንቲም ከየት እንደምታመጣ ግን እርስዎ ይንገሯት።

«ሒሳብ አታስተምረኝ!» አሉ እትዬ። «ሦስት ልጅ በኪራይ ያስተማርኩ ሴት ነኝ።»

«ኪራዩንማ ያውቁታል፤ እኔ የምለው ምጣዱን ነው።»

«ምጣዴ ምን አደረገህ?»

ምንም አላደረገኝም። ረቡዕና ቅዳሜ ተሰክቶ ሠላሳ እንጀራ ያወጣል፤ ከሠላሳው አሥሩን እኛው እንገዛለን። ግን ይህ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ይስባል። እስኪግል ሩብ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ግድም፤ ሲደመር አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ። ሦስት ተኩልን በዚያ ማባዛት ነው፦ ከስድስት ኪሎዋት ሰዓት ከፍ ይላል። የአንድ ረቡዕ ጋገራ የልጅቷን ስልክ አሥር ወር ይሞላል። በወር ስምንት ጊዜ ሲጋገር ደግሞ 49 ይደርሳል።

«ታዲያ እንጀራ አልብላ?»

«ይብሉ እንጂ! በልተው በቻርጀር አያሳብቡ ነው የምንለው።»

እትዬም ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም፦ «አንተ በላህ እንጂ እኔ መች በላሁ? ሰፌድ የሚያህል እንጀራ በሽሮ ጠቅልለህ ስትውጥ ቆጣሪ ትዝ ብሎህ ያውቃል?» እውነታቸውን ነው፤ አልቀየምም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። አገሩ ሁሉ የሚያኮርፈው በሚታየውና በሚበራው ዕቃ ነው። አምፖል በርቶ ከቀረ ሰፈር ይጮሃል፤ ቴሌቪዥን ሳይጠፋ የተኛ ልጅ ጠዋት ይገሠጻል። ጨለማ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ሬዚስታንሱን የሚያግለውን ግን ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ ምግብ ስለሚሰጥ ይከበራል። ኤሌክትሪክ ለማብራት ሲታዘዝ ጥቂት ይበቃዋል። ለማሞቅ ሲታዘዝ ነው ኪስ የሚያወልቀው። ምጣድ፣ ምድጃ፣ ሻወር፣ ቦይለር፣ ካውያ፣ ውሃ ማፍያ፦ ቢሉን የሚጽፉት እነዚህ ናቸው፤ የቀሩት ፊርማ ነው የሚያኖሩት።

ባጃጅ ነጂው ተከራይ ከበሩ ብቅ አለ። «እኔን ከዚህ ጉዳይ አውጡኝ። ባጃጄ በቤንዚን ነው የምትሄደው።»

«አንተን ባጃጅህ አላስገባችህም፤ ስፒከርህ ነው ያስገባህ። ላዩ ላይ ሦስት ሺህ ዋት ይላል!» አሉት እትዬ።

እዚህ ላይ ለእሱም ልከራከርለት። የስፒከር ዋትና ሽማግሌ ለሙሽራው የሚሰጠው ምስክርነት አንድ ናቸው፤ ሲነገር ያምራል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሦስት ሺህ ለሻጩ ነው፤ ቤት ውስጥ በመካከለኛ ድምፅ ሲዘፍን ከሶኬት የሚስበው ጥቂት አሥር ዋት ነው። ሦስት ሺህ ዋት በእውነት ቢስብ ኖሮ ዘፈኑን ሰምተን ስንጨርስ እንጀራ እናወጣበት ነበር። ልጁ ጎረቤት በማስነሣት ይከሰስ፤ ቆጣሪ በማስነሣት አይከሰስም።

«ተባረክ» አለኝ ባጃጅ ነጂው።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ምድጃህስ?»

«ምድጃ የለኝም።»

«ታዲያ ትናንት ማታ ሽሮው በጸሎት ነው የፈላው?»

ግቢው ሳቀ። ምድጃው ከአልጋው ሥር እንዳለ ከእትዬ በቀር የማያውቅ የለም፤ እትዬም ያውቃሉ፤ የሚጠብቁት የሚይዙበትን ቀን ነው። አንድ ተኩል ኪሎዋት የሚስብ ምድጃ በቀን ሁለት ሰዓት ከሠራ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከእትዬ ምጣድ ሊበልጥ ምንም አልቀረውም ማለት ትችላላችሁ፤ አይደለም፣ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ምጣዱ በሳምንት ሁለቴ ይንጎራደዳል እንጂ ምድጃው በየቀኑ ሥራ ገቢ ነው። ስለዚህ በዚህ ግቢ ውስጥ ትልቁ ተመጋቢ «የለኝም» የተባለው ዕቃ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ክልከላ ምድጃውን ከግቢ አላስወጣውም፤ ከሒሳቡ ብቻ ነው ያስወጣው። «አለ» ቢባል ዋጋው ይተመንለት ነበር፤ «የለም» ስለተባለ ዕዳው ለስልኳ ደረሳት።

ግምቱን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ከዕቃው ጀርባ ወይም ከሥሩ የተለጠፈ ጽሑፍ ላይ ዋቱ አለ። ዋቱን በሰዓት አባዝቶ ለሺህ ማካፈል ነው። ዘጠኝ ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 1.35 ይመጣል። በድሮ ጊዜ ያ አምፖል መቶ ዋት ነበርና 15 ይመጣ ነበር፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አሮጌውን አምፖል እያስመለሱ ቆጣቢውን በሚሊዮን ያደሉን ደግነት ይዟቸው አልነበረም፤ አምፖል መለወጥ አዲስ የኃይል ማመንጫ ከመሥራት ይረክሳል። የእትዬ ወረቀት ግን አሁንም በመቶ ዋት ዘመን ነው ያለው። «ከሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ክልክል» የሚለው ሕግ ሲጸና በአንድ ክፍል በወር የሚድነው ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ለዚያ ስትሉ በጨለማ ስንት እግር በስንት ጠረጴዛ እንደተመታ ቢቆጠር!

ባለ 32 ኢንቹ ቴሌቪዥን 50 ዋት ቢስብና በቀን ስድስት ሰዓት ቢከፈት በወር 9 ነው። ይህን ለቲቸር ነው የምነግረው፤ ከጥጉ ክፍል ያለው መምህር ነው፤ ዜና እስከ መጨረሻው ካልሰማ አይተኛም።

«ታዲያ ፍሪጁስ?» አለ ቲቸር ወደ ዋናው ቤት እያየ። «ሃያ አራት ሰዓት ነው የሚሠራ።»

«ባዶ ነው እኮ» አሉ እትዬ። «ባዶ ፍሪጅ ምን ይበላል?»

«እትዬ፣ ባዶ ፍሪጅ ከእርስዎ ይበላል፤ ከእሱ የሚበላ ነው የሌለው።»

ፍሪጅ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። 120 ዋት ይላል ተብሎ በ24 ሰዓት ሲባዛ በወር 86 ይመጣና ሰው ይደነግጣል። ፍሪጅ ግን ሲቀዘቅዝ ራሱ ያርፋል፤ በሩ በደንብ ከገጠመ ከግማሽ ላነሰ ጊዜ ነው የሚሠራ፤ ወደ 40 አካባቢ ነው የሚወርደው። ካውያና ቦይለርም እንደዚያው ናቸው፤ ሲግሉ ያርፋሉ። የማያርፍ ምጣድ ነው፤ እሱን የምታሳርፈው ጋጋሪዋ ናት። ስለዚህ የፍሪጁን በር ከፍቶ ቆሞ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ሐሳቡን ውጪ ጨርሶ ይግባ። በተለይ በሐዋሳ ሙቀት።

ስለ ሙቀቱ ከተነሣ የእትዬን የመጨረሻ ልጅ አለማንሣት አይቻልም። ሻወሩ ውሃውን እየሮጠ የሚያሞቅ ዓይነት ነው፤ አራት ተኩል ኪሎዋት። ልጁ ገብቶ ሩብ ሰዓት ይዘፍናል፤ አንድ ዘፈን ቢሆን ኖሮ አራት ደቂቃ ነበር፤ እሱ ግን ሙሉ አልበም ነው የሚያወጣው። በወር 34 ኪሎዋት ሰዓት። ሐይቅ ዳር ያለች፣ ከቀትር በፊት ሰው ጥላ የሚፈልግባት ከተማ ውስጥ! ጥቁሩ ሮቶ ጣሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ከእሱ የሚወርደው ውሃ ለብ ብሎ ነው የሚመጣ። በነጻ። የሚዘፍን ሰው ከሰዓት በኋላ ይዝፈን።

እትዬ ለልጃቸው የመለሱት አጭር ነው፦ «ድምፁ ጥሩ ነው።»

ቲቸር ግን አሁንም አልተዋጠለትም። «እኔ የማይገባኝ» አለ፣ «ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከእንግዲህ ስለ አንድ ምጣድ የምንጣላው ለምንድን ነው?»

ቲቸር፣ አንተ የሒሳብ መምህር ስለሆንክ ራስህ አካፍለው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ ሲያመነጭ 5,150 ሜጋዋት ነው። አንድ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት። ስንት ምጣድ ነው በአንድ ጊዜ የሚያግለው? አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሰባ ሺህ ገደማ። ሌላ ምንም ሳይሰካ፣ ፋብሪካ ሳይንቀሳቀስ፣ አምፖል ሳይበራ። በዚህ አገር ቅዳሜ ጠዋት ስንት ሊጥ እንደሚነሣ እናትህን ጠይቃት። ሁሉም ሴት በኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ልጋግር ብትል፣ ዓባይ ራሱ «ተራ ያዙ» ይል ነበር። ሲመሽ መብራቱ ደከም ሲል የምናየውም በትንሹ ይህንኑ ነው፤ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ወጡን ይጥዳል፤ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ይወርዳል። 180 ላይ ሲደርስ ባለ ሦስት ተኩሉ ምጣድ ሁለት ኪሎዋት ከምናምን ብቻ ይስባል።

«እሰይ፣ ቆጠበልን!» አለ ባጃጅ ነጂው።

አልቆጠበም። እንጀራው ዓይን አላወጣ ብሎ እትዬ አክንባሎውን ደጋግመው ሲከፍቱ ታያቸዋለህ፤ በሩብ ሰዓት የሚግለው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ የሚባክነውም ሙቀት በዚያው ይረዝማል። የተረፈህ መዘግየት ብቻ ነው።

ክርክሩ የተቆረጠው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ነገሩን ያመጣችው ራሷ ልጅቷ ናት። ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ቆጣሪ ሆና ስለምትሠራ ቁጥር አታምታታም። «ሁላችሁም ንቀሉ» አለች፤ ተነቀለ። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ መስታወት በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው። ከቁጥሩ ሥር አንዲት ቀይ መብራት አለች፤ ከጎኗ 1600 ተጽፏል፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲያልፍ 1600 ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው።

ሁሉም ነቅሏል ተብሎ ሲጠበቅ ብልጭ አለች። ጠበቁ። ሦስት ደቂቃ ከምናምን ቆይታ እንደገና ብልጭ።

«ማነው ያልነቀለ?»

«እኛ ነቅለናል» አሉ ስድስቱ በሮች።

ተፈለገ። ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው የዲሽ ሪሲቨር ነው። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል እንጂ እሱ ጠፍቶ አያውቅም፤ አሥር ዋት እየሳበ ቀንና ሌሊት ተቀምጧል። በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት። ከአሥራ አንድ ስልክ ይበልጣል። ዳንቴሉን የሠሩለት እትዬ ናቸው፤ እንዳይበርደው ይሆናል።

እሱ ሲነቀል ቀይዋ መብራት ዓይኗን ጨፈነች። ቻርጀሩ ተሰካ። ሁሉም አፍጥጦ ይጠብቃል። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ባጃጅ ነጂው «ቆጣሪው ሞተ እንዴ?» አለ። አራተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል አንዴ ብልጭ አለች። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ ምጣዱ ተሰካ። መብራቷ ማቆሚያ አጣች። ልጅቷ በስልኳ ሰዓት ይዛ ቆጠረች፦ በደቂቃ ዘጠና ሦስት። ቲቸር በ60 አባዝቶ ለ1600 አካፈለው፤ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ወጣ። ምጣዱ ሠፈር ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ዋቱ የትም አልተጻፈበትም፤ ባጃጅ እንኳ ታርጋ ባለው ከተማ ያለ ታርጋ ነው የሚሠራው። ቆጣሪው ግን አወቀው። ይህን ዘዴ ያለ ማንም እርዳታ የትኛውም ቤት መሞከር ይችላል፤ ቆጣሪው የድሮው ባለ ሳህን ከሆነም ሳህኑ ስንት ዙር ሲዞር አንድ እንደሚሞላ ላዩ ላይ ተጽፏል።

እትዬ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፦ «መብራቷ ቀይ የሆነችው ለምንድን ነው?» አሉ።

«አፍራ ነው» አለ ባጃጅ ነጂው።

«እንግዲያው ያንተን ምድጃ አምጣና እንይ፤ የባሰ ትቀላለች።»

እትዬን እንደዚያች ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ቲቸር ሁሉንም ወረቀት ላይ አሰፈረው። ምጣድ 49፣ ምድጃ 90፣ ፍሪጅ 40፣ ሻወር 34፣ ቴሌቪዥን 9፣ ሪሲቨር 7፣ የስድስት ክፍል አምፖል 8፣ የሁሉም ስልክ ተደምሮ 5። ጠቅላላ 242። ለስድስት በር እኩል ሲከፈል ለአንድ በር 40። ልጅቷ የተጠቀመችው በስልክም በአምፖልም ሁለት ብቻ ነው። ሁለት በልታ አርባ ትከፍላለች፤ ከዚያ «ሌሊት የሚሰካው ማነው?» ትባላለች።

«በበር ሳይሆን በሰው ቁጥር ብናካፍልስ?» አሉ እትዬ፤ በእውነት ለመታረቅ ፈልገው ነው። ከጎን ያለው ክፍል ግን ተቃወመ፤ አራት የፓርክ ሠራተኞች በሁለት ፍራሽ የሚኖሩበት ነው። «እኛ አራት ስለሆንን አምፖሉ አራት እጥፍ አይበላም! እንዲያውም ሁለታችን የሌሊት ሺፍት ነን፤ መብራቱን ያየነው በቀጠሮ ነው።»

እውነተኛው ጥፋተኛ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ምጣድም ሰውም አይደለም፤ አንዱ ቆጣሪ ነው። ታሪፉ በእርከን የተሠራው ትንሽ የሚጠቀም ድሃ በርካሽ እንዲያገኝ ነው። እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በሠራው ዋጋ በወር እስከ 50 የሚጠቀም ቤተሰብ ኪሎዋት ሰዓቱን በ27 ሳንቲም ገደማ ያገኝ ነበር፤ ከ500 በላይ የሚጠቀም ደግሞ በ2 ብር ከ48። ዘጠኝ እጥፍ። ቆጣሪው ግን ከኋላው ስንት በር እንዳለ አያውቅም። ስድስት ድሃ ሲደመር እንደ አንድ ሀብታም ነው የሚያነበው። ሁለት ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመች ልጅ ወደ ላይኛው እርከን የወጣችው በራሷ እግር አይደለም፤ ምጣድና ምድጃ ተሸክመዋት ነው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዋጋው ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ «መብራት በወር ይህን ያህል ብር» ብሎ የተዋዋለ አከራይም ተከራይም በየሦስት ወሩ ይጣላል ማለት ነው። ብሩ ይቀያየራል፤ የምጣዱ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ግን ዘንድሮም ስድስት ነው፣ ለከርሞም ስድስት ነው። መዋዋል በኪሎዋት ሰዓት ነው እንጂ በብር መገመት ለጠብ ቀጠሮ መስጠት ነው።

አከራዮች ሆይ፣ ቢሉን ለተከራይ አሳዩ፤ ከቻላችሁም ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ በኤሌክትሪሺያን አስገጥሙ። ካልቻላችሁ አምፖልና ስልክ ብቻ ላለው ክፍል ቁርጥ ያለች ትንሽ ዋጋ ተምኑለት፤ የሚያሞቅ ዕቃ ያለው ሰው ለብቻው ይክፈል። ተከራዮችም ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ቆጣሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ በሚቀጥለው ወር በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ፤ ልዩነቱ የግቢያችሁ የወር ፍጆታ ነው። ምድጃ ያላችሁ ደግሞ ከአልጋ ሥር አውጡት። 1500 ዋት ከሰባት አምፔር አይርቅም፤ በቀጭን ዲቫይደር ላይ ከካውያ ጋር ሲደረብ ሶኬቱ ይቀልጣል፤ ፍራሽ ደግሞ ለመቃጠል ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።